ሕመሜን ለወንድሜ ለነገሩልኝ የጥርስ ሐኪም

ይድረስ በአሰላ ከተማ ከገበያው በላይ ክሊኒክ ከፍተው ለሚያገለግሉን፣ ስምዎን እንዳልጽፍ ይሉኝታ ለያዘኝ ክቡር ሐኪም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎ፣ ከዚያ ከሚጮኸው ማሽንዎ ጭምር ደህና ከርመዋል? ጥርስዎ፣ ድድዎ፣ በተለይ ደግሞ ምላስዎ አማን ነው? ስለ እኔ ጤና እንደ ደንቡ ጥቂት ልልዎ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ጤንነቴ መናገር የሚፈቀድለት ወንድሜ መሆኑን ከእርስዎ ስለተማርኩ፣ እርሱን ቢጠይቁ ይሻላል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ዘመናይ እባላለሁ፤ የሁሩታ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በፍርድ ቤት ውስጥ፣ ኦሮምኛ ለማይሰሙ ባለጉዳዮች ዳኛው የሚለውን በአማርኛ፣ ባለጉዳዩ የሚለውን ደግሞ ለዳኛው በኦሮምኛ እያስተረጎምኩ ነው። በዚያ ቤት በግ ሰርቆ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንኳ ክሱ በሚሰማው ቋንቋ ሳይነበብለትና "ገብቶሃል ወይ?" ተብሎ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። ይህን የማነሣው እርስዎን ከፍርድ ቤት ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ የእርስዎ ፍርድ ይግባኝ እንደሌለው አውቃለሁ። አቤቱታዎቼን በቁጥር የማቀርበውም ያው የመሥሪያ ቤት ልማድ ሆኖብኝ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ መንጋጋዬ ነው። ባለፈው የካቲት በምላሴ ጎን ወጥቶ አልድን ያለኝን ቁስል ይዤ፣ ከወንድሜ ከወንደሰን ጋር ወደ እርስዎ በመጣሁ ጊዜ "ማዘር፣ ቁጭ በይ" ብለው በፍቅር ተቀበሉኝ። እርስዎን ለመውለድ ዕድሜዬ ባይደርስም፣ ስሜን መጠየቅ ሥራ እንደሚያስፈታዎ ስለገባኝ ቅር አላለኝም። ከዚያም አየት አድርገው "ይቺ መንጋጋ ናት ምላስሽን የምትፍቀው፤ እንነቅላታለን" አሉኝ፤ እኔም "እርስዎ ያውቃሉ" አልኩ። በእኛ አገር ነጭ ለብሶ ከራስጌው ለቆመ ሰው እምቢ ማለት፣ "ለምን?" ማለትም ቢሆን ነውር ነው፤ እርስዎም የአርሲ ልጅ ነዎትና ይህን አያጡትም። "እርስዎ ያውቃሉ" ማለቴ ግን ያወቁትን ለብቻዎ ይዘውት ይቅሩ ማለት አልነበረም። መንጋጋዬ ተነቀለች፤ ቁስሉ ከነክብሩ ቀረ። ያቺ መንጋጋ ምን አጥፍታ እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ሁለተኛው አቤቱታዬ ስለ ኮሪደርዎ ነው። ጥጥ አስነክሰውኝ ሲያበቁ ቁስሌን ደግመው አዩና ፊትዎ ጠቆር አለ፤ ወደ በሩም ዞረው "አስታማሚዋ ማነው?" አሉ። ወንደሰን ተነሣ። ትከሻውን አቅፈው ወደ ኮሪደሩ አወጡትና፣ እኔ ከሁለታችሁ አምስት ክንድ በማይርቅ ወንበር ላይ ተጋድሜ ጣሪያዎን ሳደንቅ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ቁስሉ ነቀርሳ ሊሆን እንደሚችል፣ ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ወስዶ ማስመርመር እንደሚያስፈልግ፣ ለእኔ ግን እንዳይነገረኝ፣ "ትደነግጣለች" ብለው አስጠነቀቁት። ተመልሰው ለእኔ የነገሩኝ፣ ለሦስት ቀን ትኩስ ነገር እንዳልጠጣ ነበር። ይህን ምክርዎን አክብሬ ሻዬን አቀዝቅዤ ጠጥቻለሁ።

ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንዳሉትም አልደነገጥኩም። ከየካቲት እስከ መስከረም አንድም ቀን ሳልደነግጥ ስበላና ስጠጣ ከረምኩ፤ ቁስሉም ማንም ሳያስደነግጠው ሲያድግ ከረመ።

ወንደሰንን አልወቅሰውም ብል ውሸት ነው፤ ነገር ግን የሰጡትን ሸክም ይዞ ምን ያድርግ? እንደማንኛውም የአገራችን ሰው ዘመድ ሰበሰበ፣ የእድሩን ሊቀመንበር አማከረ። እንደሚያውቁት ሠርግ ባለበት ቤት መርዶ አይገባም፤ ልጄ ሀሴት ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ ሠርጉ እስኪያልፍ ይቆይ ተባለ። ሠርጉ ሲያልፍ መልሱ እስኪያልፍ፣ መልሱ ሲያልፍ ሙሽራዋ ሐዘን ይዛ ጎጆዋን እንዳትጀምር፣ ከዚያ ደግሞ ክረምት ገባና በዝናብ እንዴት አዲስ አበባ ትንገላታለች ተባለ። ሁሉም ከፍቅር ነበር፤ ፍቅራቸው ነው የጨረሰኝ። አንድ ነገር ብቻ ለክቡርነትዎ ላስታውስዎ እወዳለሁ፤ እስከማውቀው ድረስ በአገራችን መርዶ የማይነገረው ለሟቹ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ በሕይወት ነበርኩ።

የዚህን ምሥጢር ጣፋጭነት ደግሞ ሳልነግርዎ ብቀር ውለታ ቢስ መባሌ ነው። ድፍን ሁሩታ አውቆ ነበር። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር እኔ ብቻ ሳላውቀው፣ ሰው ሁሉ ድንገት ወደደኝ። ከእድር የቀረሁበት ቅጣት ተነሣልኝ። ስሠራበት የኖርኩት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰላም ብለውኝ የማያውቁ ሰዎች ወንበር ለቀቁልኝ። ጎረቤቴ ፋጡ በየማለዳው እርጎ ታመጣልኝ ጀመር። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ እያቀፈ፣ ሳይለቀኝ ሲያለቅስ፣ እኔ ቂሏ ለልጄ ደስታ የሚያለቅሱ መስሎኝ "አይዟችሁ፣ አዳማ ናት የምትሄደው፤ ሩቅ አይደለም" እያልኩ ሳጽናናቸው ዋልኩ። ወይ ነዶ! ያን ቀን ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይቃጠላል።

በነሐሴ ቃል ከአፌ ሲወጣ ይጎተት ጀመር፤ ችሎት ላይ "ድገሚው" መባል አመጣሁ። ዳኛው በትሕትና ዕረፍት እንድወስድ ነገሩኝ። በመስቀል ማግስት ፋጡ እርጎውን ከደጃፌ አስቀምጣ መሄድ አቃታት፤ ቁጭ አለችና "ዘሙ፣ ነገ አላህ ቢጠይቀኝ የምመልሰው የለኝም፤ የአሰላው ዶክተር ለወንድምሽ መጥፎ ነገር ነግሮታል፤ ሂጂና ራስሽ ጠይቂው" ብላ አለቀሰች። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ መጥፎ መሆኑን ብቻ ነው የምታውቀው። እኔም ለማንም ሳልናገር በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ከዚህ ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቢቀመጡ ጥሩ ነው። በፊትዎ ቆሜ በየካቲት ለወንድሜ የነገሩትን እንዲነግሩኝ ስለምንዎ፣ "ማዘር፣ ብቻሽን ነው የመጣሽው? አስታማሚ ይዘሽ ነይ" አሉኝ። አፉ የእኔ እንደሆነ ባስረዳዎትም "እንደሱ አይሆንም፣ ለአንቺ ብለን ነው" ብለው በሩን በእርጋታ ዘጉት። እኔም እርስዎን ላለማስቸገር ከአግዳሚው ወንበር ላይ አንድ አስታማሚ አዘጋጀሁ። ሀሰኖ ይባላል፤ ከአርቦዬ ጉንጩ አብጦ፣ በሻሽ ጠቅልሎት ተራ የሚጠብቅ የበግ ነጋዴ ነው። ከዚያች ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። በኦሮምኛ "ለአንድ አፍታ ወንድሜ ሁነኝ" ብዬ ስለምነው፣ "ወንድምነት ምን ገዶኝ" ብሎ ተነሣ።

ክቡር ሐኪም፣ ስሙን አልጠየቁትም፤ ከየት እንደመጣም፣ ምኔ እንደሆነም። ትከሻውን አቅፈው ወደዚያችው ኮሪደር ወሰዱትና ለእኔ የከለከሉኝን ሁሉ ለማያውቀኝ ሰው ዘረገፉለት። አሁን ወደ አንገቴ ሳይወርድ እንዳልቀረ፣ ለምን በጊዜ እንዳልወሰደኝ፣ ምላሴ ሊቆረጥ እንደሚችል፣ ያም ሆኖ ተስፋው የመነመነ እንደሆነ እየነገሩ ተቆጡት አሉ። ምስኪን ሀሰኖ፣ በሕይወቱ ያላየውን እኅት በቸልታ ስለ መግደሉ ተወቅሶ፣ እንባው በሻሹ ላይ እየፈሰሰ ወጣ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠና አንዱንም ሳይደብቅ፣ ቀስ እያለ፣ "ገባሽ ወይ እኅቴ?" እያለ ነገረኝ። የእርስዎን የስንት ዓመት ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ በዚያች አግዳሚ ላይ ሠርቶ፣ የራሱን ጥርስ እንደታመመ ይዞ ወደ አርቦዬ ተመለሰ። አለመነቀሉ ሳይበጀው አይቀርም።

አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲሉ የተረቱት ለበሽተኛ ነበር። ሐኪሙ ራሱ ሲደብቅ ምን እንደሚሆን የተረቱት ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡ ይሆናል።

ቀሪውን ሳሳጥርልዎ፣ ከወንደሰን ጋር አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ። በየካቲት ብመጣ ኖሮ ከምላሴ ጎን ጥቂት ተቆርጦ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን ሥራዬን እንደምሠራ የነገረችኝ አንዲት ተለማማጅ ሐኪም ናት፤ ልጅ ስለሆነች ገና መደበቅ አልለመደችም። አሁን ግን ምላሴ እንዳለ መውጣት አለበት ተብሏል። ዋናው ሐኪም ከአልጋዬ አጠገብ ቆመው ሲያስረዱ ዓይናቸው ወንደሰን ላይ ነበር። እኔ፣ አፌ አብጦ ቃሌ ስለማይለይ፣ በተቻለኝ መጠን እየጎተትኩ "ብቆረጥ ምን ያህል ጊዜ እኖራለሁ? ባልቆረጥስ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ አልሰሙኝም፤ ወደ ወንድሜ ዞረው "ምን አለች?" አሉት።

ወንደሰን ሰምቶኛል። የእናቴ ልጅ ነው፤ ማንም ባይሰማኝ እርሱ ይሰማኛል። ዓይኔን ሸሸና "እሺ ብላለች ዶክተር" አለ።

ጥያቄዬን እንዲህ አድርጎ አስተረጎመልኝ። እኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጌ ባስተረጎም ኖሮ ከችሎቱ በፖሊስ በወጣሁ ነበር። እርሱ ግን ፈረመ፤ ቀጠሮውም ለመጪው ማክሰኞ ተያዘ። በነጋታው ያንኑ ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ለነርሷ ሰጠኋት፤ አነበበችው፣ ከንፈሯን መጠጠችልኝና ለአስታማሚዬ ሰጠችው። ይህን ደብዳቤ ለአንድ ሰው ብቻ ሳልል ለአገር ሁሉ በግልጽ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ በፖስታ አሽጌ ብልከው ለወንድሜ እንደሚደርስ ተረድቻለሁ።

ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሐኪም። መቆረጡን ከነጭራሹ እምቢ ልበል አልልም፤ ተነግሮኝ፣ አስቤበት፣ ልጄን አነጋግሬ፣ ምናልባት እኔው ራሴ እሺ እል ነበር። ምናልባትም በቀረችኝ ምላስ የቀረችኝን ጊዜ እያወራሁ ልሙት እል ነበር። የትኛውን እንደምመርጥ እኔም አላውቅም፤ የጠየቀኝ ስለሌለ እስካሁን አልመረጥኩም። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም፤ ማክሰኞ ቅርብ ነው።

ነገ ከጢቾ ወይም ከሌላ ከተማ አንዲት ሴት በዚያ ወንበርዎ ላይ ስትቀመጥ፣ መጀመሪያ ስሟን ቢጠይቋት፣ ያዩትንም ለእርሷው ቢነግሯት እንዴት ደስ ባለኝ። እንደማያደርጉት አውቃለሁ፤ ለእርሷም ያዝናሉና፣ እንዳትደነግጥ ብለው ወንድሟን ይጠራሉ። እኔም ለደንቡ ያህል ጠየቅሁ።

ስለ ርኅራኄዎ፣ ስለ አቀፉት ትከሻ ሁሉ፣ በሰላም ስላሳለፍኳቸው ወራት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎ የሚነገር ክፉ ነገር ቢኖር በጊዜ፣ በራስዎ ጆሮ፣ በሚገባዎ ቋንቋ እንዲነገርዎ ፈጣሪን እለምናለሁ።

አክባሪዎ፣
ዘመናይ ከሁሩታ፣
እስከ ማክሰኞ ድረስ አስተርጓሚ

ሌላ የረሳሁት፤ በመጠበቂያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ሰው ቢነቅፈውም እንዳያወርዱት አደራ፤ እውነትነት አለው። ድሮም ንጉሥ ሲሞት ይደበቅ ነበር። ልዩነቱ፣ እነርሱ የሚደብቁት ከሕዝቡ ነበር፤ እርስዎ ሕዝቡ ሁሉ ካወቀ በኋላ ከራሱ ከንጉሡ ደበቁት።