ቆርኪ በጥርስ ለተከፈተበት የጥርስ ጤና በዓል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ በእውቀቱ
የ«ጥርሳችን ጌጣችን» በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ጥርስዎ እንዴት ነው? ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ሊበን እንዴት እንደሆነ ለመናገር ግን ከፊቴ ያለው በር መከፈት ስላለበት፣ የሰላምታዬን ግማሽ አሁን፣ ቀሪውን በሩ ሲከፈት እንዲቀበሉኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ አዳማ፣ ከአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆኜ ነው። ከሊበን የተሰበረ ጥርስ የተነሳው መግል ወደ አንገቱ ወርዶ፣ አገጩና አንገቱ መለያ እስኪያጡ ድረስ አብጦ፣ ዛሬ ጠዋት ትንፋሽ ማጠር ስለጀመረው ወደ ውስጥ አስገብተውታል። ዶክተር ሮሐ የምትባለው ሐኪም «እብጠቱ አሁኑኑ ካልተከፈተና መግሉ ካልወጣ መተንፈሻውን ይዘጋበታል» ብላኝ ገባች። እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም። ስነሳ ጥበቃው ተቀመጪ ይለኛል፤ ስቀመጥ መልሼ እነሳለሁ። እጄን እንኳ ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም የእርስዎ በጎ ሥራ በፖስታ ታሽጎ እንዳይቀር፣ በተራ ቁጥር ያስቀመጥኩትም ኮሚቴዎ ሪፖርቱን ሲጽፍ እንዳይደክም በማሰብ ነው።

አንደኛ። በበዓሉ ዕለት የጠርሙስ መክፈቻ ስለረሳችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንደሚያስታውሱት ሊበን ወደ አዳራሹ የመጣው በእንግድነት ሳይሆን የለስላሳ ሳጥኖቹን በባጃጁ ለማድረስ ነበር። ሳጥኖቹን አውርዶ ሊሄድ ሲል መክፈቻ እንደሌለ ታወቀ። ሻይ ቤቱ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው፤ አንድ ሰው ልኮ መዋስ ይቻል ነበር። እርስዎ ግን የአሰላን ሰው ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ በመሆንዎ፣ ይህ ሰው ከሳጉሬ እስከ ዴራ በየሰርጉ ቆርኪ በጥርሱ በመክፈት የታወቀ መሆኑ ትዝ አለዎትና፣ በማይክሮፎን «ሊበን እያለ መክፈቻ ምን ያደርግልናል!» አሉ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ከራሱ በላይ «ጥርስዎ ጌጥዎ ነው፣ ይጠብቁት» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ፣ እሱ ከሥሩ ቆሞ ቆርኪውን በመንጋጋው እያነሳ ወደ ሳህን ይተፋ ጀመር። ኧረ ለሰሚውም ግራ ነው!

ጥፋቱ የእሱም ነው፤ አልክድም። «ጥርስ ያለው ሰው መክፈቻ ይገዛል እንዴ?» የሚል ሰው ነው። ስንጋባም በገዛ ሰርጉ ላይ ሙሽራነቱን ረስቶ ሳጥን ሲከፍት ያገኘሁት ሰው ነው። ሆኖም ስንት ዓመት ሲሞካሽ ኖሮ ጥርሱ የተሰበረው፣ የክብር መንበሩ ላይ ለተቀመጡት ለእርስዎ የቀረበውን ጠርሙስ ሲከፍት ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ እኔ ካለሁበት ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰምቶኛል። ፊቱን አዙሮ መዳፉ ላይ የሆነ ነገር ተፋ፣ አየው፣ ኪሱ ከተተው፣ ሳቀም። ጠርሙሱን በሁለት እጁ አክብሮ ሰጠዎት። መቼም ቀዝቃዛ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ። ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ።

ውሃ በዚያን ቀን ጠፍቶ ስለነበር የጥርስ አቦራረሽ የታየው በጀሶ መንጋጋ ላይ ነው፤ የጀሶው መንጋጋ እስከ ዛሬ ምንም ችግር ስላላጋጠመው ትምህርቱ ግቡን መትቷል ማለት ይቻላል። ከትምህርቱ በኋላ ለልጆቹ ለስላሳና ክሬም ብስኩት ታደለ። ልጆቹም ስኳሩን ጥርሳቸው ላይ፣ ብሩሹን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው በደስታ ወደየቤታቸው ሄዱ። ብሩሹ ለአንድ ቤት አንድ መሆኑ ደግሞ የቤተሰብን ፍቅር ለማጠናከር ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። እኛ ቤት በማን አፍ ይግባ በሚለው ላይ ስምምነት ስላልተደረሰ፣ በማግስቱ ሊበን ከባጃጁ ሞተር የፈታውን ካንዴላ ሲፈትግበት አገኘሁት። ካንዴላው እጅግ ነጽቷል፤ ኮሚቴው ይኩራ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሩ የተከፈተ መስሎኝ ተነስቼ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እሷም እንዳየችኝ ገብቷት «አይዞሽ እናቴ» ብላኝ አለፈች። ምነው ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል? አይዞሽ የሚያስብል ነገር አለ ማለት ነው?

የት ነበርኩ? አዎ፣ ሦስተኛ። በዚያው በዓል በጤና ጣቢያችን ሪባን ቆርጠው ስለከፈቱልን የጥርስ ሕክምና ክፍል።

ሊበን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይዘል ጀመር፤ ቀጥሎ በአንድ ጎኑ ብቻ ማኘክ ጀመረ፤ እኔ እንሂድ ስለው «ይተወኛል» ይለኛል። ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ማርያም ቅርንፉድ ይዘው መጡ፤ ቅርንፉዱ አልበቃ ሲላቸው በአረቄ ያዘው አሉት፤ ሐራም ነው ቢላቸው «ዋጠው ማን አለህ? ያዘውና ትፋው!» ብለው ተቆጡ። ሳቅን። ያኔ ገና መሳቅ ይቻል ነበር። ጉንጩ ሲያብጥ ግን እጁን ይዤ ወደዚያ ክፍል ጎተትኩት።

ክፍሉ ተቆልፏል። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ፣ በሽተኛ የሚቀመጥበት ያ የሚያምር ወንበር ላይ የተረፉ ቲሸርቶችና ኮፍያዎች ተከምረው፣ ከላያቸው የጀሶው መንጋጋ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ነው ወንበሩ ለማን እንደተገዛ የገባኝ። የጤና ጣቢያው ጥበቃ የኮሚቴው ዕቃ ስላለበት ቁልፉ ከእርስዎ ጋር እንደሆነ፣ እርስዎም ሥልጠና ላይ እንደሆኑ ነገረኝ። ሐኪሙስ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሐኪሙማ አለ፣ ክፍል ስለሌለው ሌላ ሥራ ሰጥተውታል» አለኝ። ነገ ኑ ተባልን፤ መጣን። ሰኞ ኑ ተባልን፤ መጣን። ስልክዎን አግኝቼ ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ብለው በትህትና ዘጉት። እኔም እስካሁን እየጠበቅሁ ነው፤ መግሉ ግን መጠበቅ አላወቀበትም።

ዶክተር ሮሐ ከመግባቷ በፊት መንጋጋ ጥርሱ መቼ እንደተሰበረ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በተሰበረ ዕለት ቢመጣ ተጸድቶ ተሞልቶ፣ ያኑ ቀን ባጃጁን እየነዳ ይመለስ ነበር አለች። እኔ ላይ አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ደግሞም ለልጆቻችሁ አለችና፣ ማታ ጥርሳቸውን ሳይቦርሹ እንዳይተኙ፣ ብሩሽ ቢጠፋ እንኳ በንጹሕ መፋቂያ ከድድ ጀምሮ ቀስ አድርጎ ማጽዳት፣ ጣፋጭ ከበሉ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስን ቆርኪ መክፈቻና ክር መበጠሻ አለማድረግ፣ ውሃ ጠዘጠዘኝ ሲሉ ያኔውኑ ማሳየት ነው አለችኝ። ይህንን ሁሉ የነገረችኝ ጓንቷን እያጠለቀች ነው። አቶ በእውቀቱ፣ ይህቺን ለማለት አዳራሽ አያስፈልግም ነበር እኮ! ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለውን ተረት እኛ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የምናስታውሰው ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ቀጣዩ ቁጥር አራት ይሁን አምስት ጠፋብኝ። ብቻ ስለ ስልኩ ነው።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለ፣ ጭኔ ላይ ያለው የሊበን ስልክ ጮኸ። ከኮሚቴዎ አቶ ጌትነት የተባሉ ሰው ናቸው። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከነልጆቼ ደህንነቴን ጠየቁኝ። ከዚያም ቅዳሜ ሳጉሬ ላይ ሁለተኛው ዙር በዓል ስላለ ሊበን ሳጥኖቹን እንዲያመጣላቸው፣ «እንደ ባለፈውም ሕዝቡን እንዲያዝናናልን አደራ» አሉኝ። በሩን አየሁ። ስልኩን ዘጋሁባቸው፤ ባለጌ ሆኜ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ።

ፈራሁ፣ አቶ በእውቀቱ። እስካሁን በነገር ስጎሽምዎ የቆየሁት ስለፈራሁ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ፣ እሱ ከዚያ በር በኋላ ምን እንደሚሆን ሳላውቅ፣ ሳጉሬ ላይ ደግሞ ሌላ ሊበን እንዳለ አውቃለሁ። በየከተማው አንድ አይጠፋም። ጥርሱ ጠንካራ፣ ሰው ሲያጨበጭብለት እምቢ ማለት የማይችል፣ ቤቱ ሚስት ያለችው። ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር ልመናዬን ይቀበሉኝ። ቅዳሜን ይሰርዙት። ሰርዘው ያንን ክፍል ይክፈቱት፤ ቲሸርቱን ለሚለብሰው ይስጡ፣ ሐኪሙን ወደ ወንበሩ ይመልሱት፣ ያልታመመም ሰው ጥርሴን እዩልኝ ብሎ ገብቶ እንዲወጣ ያድርጉ። ለልጆቹም በለስላሳው ፈንታ ውሃ ይቅረብላቸው። ጭብጨባ አይኖረውም፤ ፎቶም አያምርበትም፤ ግን

በሩ ተከፈተ።

አቋርጬ ነበር፤ አሁን ተመልሼ ተቀምጫለሁ፤ ይኸው መቀመጥም ቻልኩ። ዶክተር ሮሐ ወጥታ «ተንፍሷል» አለችኝ። ተርፏል አላለችም፣ ድኗል አላለችም፤ ተንፍሷል አለችኝ፤ እኔም ከዚያ በላይ ቃል አልፈለግሁም፤ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ገብቼ አየሁት። ከአገጩ ሥር ቱቦ ገብቶለታል፣ መናገር አይችልም፣ አፉንም ቢሆን ጣት ከሚያሳልፍ በላይ አይከፍተውም። ከነቃ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጣቱን ወደ አፉ ልኮ ያንን መንጋጋ ጥርስ መፈለግ ነው። አጣው። እንደገና ፈለገው። ከዚያ በዓይኑ ጠየቀኝ። ያ ሁሉ ሰርግ ያጨበጨበለት ሰው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ከጥርስህ አንተ ትሻለኛለህ» አልኩት፤ አልሳቀም። አይቶኝ አይቶኝ እጄን ያዘ።

እንግዲህ የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣ ቀሪዋን የሰላምታዬን ግማሽ እነሆ። ባለቤቴ በሕይወት አለ፤ ይህም ከኮሚቴዎ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ነው። ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ፣ የማይነቃነቅ ጥርስና የማይነቃነቅ ወንበር እየተመኘሁ፣ አንዱ ቢጎድል እንኳ ጥርሱ እንዲተርፍልዎ ዱዓ አደርጋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በበዓልዎ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ያጨበጨበች፣
አክባሪዎ ከዲጃ ሁሴኖ
ከአሰላ፣ ለጊዜው ከአዳማ

እንደገና፦ አቶ ጌትነት ለቅዳሜ ሊበንን ስለፈለጉት እንዳላሳፍራቸው ብዬ፣ ከአፉ የወጣውን መንጋጋ ጥርስ በፋሻ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚኒባስ ልኬዋለሁ። በዓሉን የግድ ካደረጋችሁት ቆርኪውን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ባለቤቱ አይመጣም። እሱም እምቢ ካለ፣ በዚያው ፋሻ ውስጥ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የገዛሁትን መክፈቻ ያገኙታል። ክር አስሬበታለሁ፤ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት።