የስም ዕቁባችንና የታችኛው ምንጭ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 3፡00
ዝርዝሩን ዛሬም ቆጠርኩት። ገብስ ላይ ስድስት ጽሑፍ፤ የራሴ፣ ላቤ ያለበት። ከዚያ የበግ በሽታ፣ የትምህርት ጥራት፣ የገበያ ጥናት፣ የምንጭ ውሃ። እኔ የገብስ ሰው! አንቺ ማስታወሻዬ ታውቂያለሽ፤ አምስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች የስም ዕቁብ አለን። አንዱ ጽሑፍ ሲያወጣ የቀረነውን የአራታችንን ስም ያስገባል። ተራ ይዞራል።

የዕድገት ኮሚቴው የፊታችን ሰኞ ይቀመጣል። ተባባሪ ፕሮፌሰር ልባል ነው፤ ስንት ዓመት የጠበቅኩት። ሌሎች ተመራማሪዎች አብዝተው የሚጠቅሱልኝ የትኛውን ነው? የምንጭ ውሃውን። ገብሴን ማን ዞር ብሎ ያየዋል! የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ይቆርጣል። ቢሮው ከውጭ ይብሳል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
አባባ ከትውልድ መንደሬ ከጎረቤላ ደወሉ። መረቁኝ። ለታች መንደር ሊገባ የነበረው ቧንቧ ቀረ አሉ። የውሃ ጽ/ቤቱ ሰው ስብሰባ ላይ ወረቀት አንስቶ፣ የታችኛው ምንጭ ንጹሕ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል፣ ያውም የቄሱ ልጅ ጽፋዋለች ብሎ ስሜን አነበበ። ሰው አጨበጨበ። አባባ ግን ክረምት በገባ ቁጥር የመንደሩ ልጆች በተቅማጥ ሲወድቁ ያያሉ።

“አንቺ ከጻፍሽው እኔ ምን እላለሁ፣ ልጄ?”

አጣራለሁ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ምሳ ሰዓት
ከዕቁባችን መስፍንን ያዝኩት። ያኔ ተራው የሱ ነበር፤ የምንጩን ጽሑፍ የጻፈው እሱ ነው። ናሙናውን ከየት ቀዳህ? ሳቀ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከላይ ከተማው ካለው ቧንቧ ቀድቶ ተመለሰ። የቧንቧ ውሃ! ምን ችግር አለው፣ እንዲጠቀስ ነው እንጂ እንዲጠጣ አልጻፍኩትም አለኝ።

በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ አፈርኩ። ስሜ ያለበትን ጽሑፍ ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
የዕቁቡ ጓደኞቼ አራቱም ከበቡኝ። መጀመሪያ ማዕረግሽን ያዢ፣ ኋላ ቀስ ብለሽ ታስተካክያለሽ። ስህተቱን ጽሑፉን ላወጣው ጆርናል ከጻፍሽ ኮሚቴው የሁላችንንም ፋይል ይገለብጣል። መስፍን ደግሞ፣ ዕቁብ በልቶ ማፍረስ ነውር ነው አለ። እውነቱን ነው፤ በልቻለሁ። ፈራሁ። ነገ ጎረቤላ እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ከቅዳሴ በኋላ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ምንጩ አፍ ላይ ከብት ቆሟል፤ ከሥሩ አንዲት እናት ጀሪካን ትሞላለች። አወቀችኝ። እግዜር ይስጥልን፣ ውሃችንን አስመሰከርሽልን ብላ እጄን ሳመች። እጄን! አባባ አጠገቤ ነበሩ፤ መሬት መሬት ያያሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 2፡00
ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ለጆርናሉ፦ ጽሑፉ ይነሣ። አንዱ ለውሃ ጽ/ቤቱ፦ የተመረመረው ምንጩ አይደለም። ግልባጭ ለኮሚቴው። ከዝርዝሬም ከስድስቱ ገብስ በቀር ሁሉንም ሰረዝኩ። እንዴት አጠረ! ዘንድሮ ማዕረግ የለም፤ ምናልባት ወንበሩም የለም።

ላክሁ።

መስፍን ሦስቴ ደወለ። አላነሳሁም። መጀመሪያ አባባ ከኔ አፍ ይስሙ። ምን ልበል? አልጻፍኩትም ልበል? ስሜ አለበት። ጻፍኩት ልበል? ምንጩን እንኳ አላየሁም።

እየጠራ ነው። አነሱት። አባባ፣ ያ ወረቀት ውሸት ነው፤ ስሜ የገባበት ሳላነበው ነው።