እማ ያመኑት የእበት ጋዝ

ከሚሴ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ውድ ዙቤይዳ፣

አካም ጂርታ እህቴ? ባቲ እንዴት ይዛችኋለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ እንዳልነግርሽ የእኔ ወሬ ከካርዱ ይረዝማል፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ኑርሁሴን ለባዮጋዙ ጓሮውን ሲያስቆፍር፣ «እናቴን ቦንብ ላይ አላስቀምጥም፤ መጥቼ እወስዳታለሁ» ማለትሽ ሆዴን ሲበላው ከርሟል። አልፈርድብሽም። እማም ከእበት በወጣ እሳት የበሰለ አልቀምስም ስላሉ የእሳቸውን ለብቻ በእንጨት ነበር የምሠራው። ጓዛቸውን ጠቅልለው አንቺን ሲጠብቁ ሳይ፣ ወላሂ፣ ቤቱ ገና ሳይሄዱ ጭር ይልብኝ ነበር። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እማ የምለው እሳቸውን ብቻ ነው።

የባዮጋዙ ባለሙያ ሸምሱ በመጣ ቁጥር «ምንም አደጋ የለውም» ይላቸዋል። እሳቸውም ከተወለዱ አደጋ የሌለው እሳት አይተው እንደማያውቁ ነግረውት ፊታቸውን ያዞራሉ።

ባለፈው ሐሙስ ግን አጠገባቸው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ጥቅሙን ሰምቻለሁ። ሰው የሚገድለው እንዴት አድርጎ ነው? እሱን ንገረኝ።»

ሸምሱ መጀመሪያ ተቅለሰለሰ። ኋላ ግን እውነቱን አወጣው። ጋዙ ሾልኮ በተዘጋ ቤት ከታመቀና ክብሪት ከተጫረ ሰው ሊገድል ይችላል፤ እንደ ግም እንቁላል ከሸተተ የጋዙን መዝጊያ ዘግቶ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ሾልኮ እንደሆነ የሚታወቅበትን ሊያሳያቸው ቱቦውን በሳሙና አረፋ ሲቀባ፣ መጋጠሚያው ላይ አረፋው ቡፍ ቡፍ ማለት ጀመረ። ለካ እየሾለከ ኖሯል። እኔ «በቃ፣ እማን አጣኋቸው» አልኩ በልቤ። ሸምሱም ፈጥኖ መጋጠሚያውን አጠበቀው።

እማ ጎንበስ ብለው አረፋው ዝም እስኪል አዩና «አሁን ገና አመንኩት» አሉ። «ክፋቱን ስትደብቁኝ ነበር የፈራሁት። መግቢያውን ላወቅኩት ጅብማ በሬን ዘግቼ አድራለሁ።»

ይኸው ጓዙ ተፈታ። ጠዋት ጠዋት አረፋውን የሚቀቡት እሳቸው ናቸው። ጎረቤታችን ዓፊያም ከሳቸው ተምራ ለራሷ ልታስቆፍር ነው። ትናንት ከዚያው ምድጃ የወረደውን ሽሮ ቀምሰው «ጨው አንሶታል፤ ጋዙ ምን ያድርግ» ብለው ሲሰድቡኝ ደስታዬን ብታዪልኝ።

እና እህቴ፣ ልትጠይቂን ነይ እንጂ ልትወስጃቸው አትምጪ። ባልሽም ሲጋራውን ከአጥር ውጭ አጥፍቶ ካልገባ እማ ደጅ ያሳድሩታል፤ ይህን ሳትረሺ ጻፊላት ብለውኛል።

እናትሽን የማልለቅልሽ፣
ዘይቱና