ባልዲ ውስጥ የከረመው መለኪያ

ሰኞ፣ ጥር 6

የፍሳሹን ሶዳ የምናበርድበት አሲድ ዛሬም ፋብሪካችን አልደረሰም። ሦስተኛ ሳምንቱ። አለቃዬ፣ "እንደለመድሽው አድርጊያ!" አለኝ። አደረግኩ። የፒኤች መለኪያውን ከፍሳሹ ጉድጓድ አውጥቼ የቧንቧ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። የመለኪያው ብዕር ወረቀቱ ላይ፣ ንጹሕ ውሃ በሚያሳየው ሰባት ቁጥር ላይ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይስላል... ሸጋ። ጠርሙስ ያጠብንበት የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ግን አሲድ ሳይነካው፣ ቆዳ የሚልጥ አሥራ ሦስት እንደሆነ፣ ወደ ከተማው ቱቦ ይወርዳል። ምሳ ላይ ተሳሳቅን። ምንም አልመሰለኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ከሥራ በኋላ ጋሼ ቤት። ታላቅ ወንድሜ፣ ያሳደገኝ። የኛ ቱቦ የሚያልቀው እሱ የሚሠራበት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች "ልጆቼ" ነው የሚላቸው። "ልጆቼ ምግብ አስጠላቸው" አለ። ገንዳው አረፋ ብቻ፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሚስቱ፣ "ምነው ለኔ ልጆች እንዲህ ባሰብክ!" ስትል ሳቅን። እኔ ምን አልኩ? "ብርድ ይሆናል።" ብርድ! ምነው ምላሴን በቆረጠው።

እንደ ልማዱ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አሁንም እጄን ይዞ ያሻግረኛል።

ዓርብ፣ ጥር 10

ቱቦው ተደፈነ። ጋሼ ሊከፍት ወርዶ ቀኝ እጁ ተቃጠለ። የቱቦው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል አሉ፤ ጭንቅላት ያስገባ የነበረው አሁን ቡጢ ቢያስገባ ነው። ውሃው ጓንቱ ውስጥ ገባ። "መጀመሪያ እንደ ሳሙና አሟለጨኝ። 'ዛሬስ ታጠብኩ' ብዬ ቀለድኩ" አለኝ። ቆዳው የተላጠው ቆይቶ ነው። ፋሻውን እያየሁ... አፈር በበላሁ!

እሁድ፣ ጥር 12

የጋሼ አለቆች የፋብሪካዎቹን የመለኪያ ወረቀት ሁሉ አይተው፣ "የሁሉም ንጹሕ ነው። አንተ ነህ ለማጣሪያው የምትጨምረውን ኖራ ያበዛኸው" አሉት። የኛን ቀጥ ያለ የብዕር መስመርማ አመስግነውታል። በጽሑፍ መልስ ስጥ ተብሏል። እጁ በፋሻ ታስሯል። "ያንቺ ጽሑፍ ያምራል፣ ጻፊልኝ።"

"ምናልባት አብዝቼ ይሆናል... ዕድሜም አለ..." እያለ ነገረኝ። ጻፍኩ። እያወቅኩ! አንድ ፊደል ሳልስት። በዚያች በቀኝ እጁ እጄን ይዞ ፊደል ያስጻፈኝ እሱ አይደል? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ ጥር 13

መለኪያውን ከባልዲው አውጥቼ ጉድጓዱ ውስጥ መለስኩት። ብዕሩ ዘሎ አሥራ ሦስት ላይ ወጣ። አለቃዬ እየሮጠ መጣ። "ምን ነክቶሽ ነው? ልታስበዪን ነው?" ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ኃላፊ። የባልዲውን ነገር አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ፣ ፈረምኩበት።

ከዚያ ጋሼ ጋ። ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ትናንት ስትጽፊልኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ስወጣ በሩ ላይ ቀረ። አስፋልቱን ብቻዬን ተሻገርኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ሥራ የለኝም። ፋብሪካው ፍሳሹን እንዳይለቅ ታግዷል። ጋሼ ጥፋት የለበትም ተብሏል። እፎይ ማለት ነበረብኝ... አልቻልኩም።

ዛሬ ሚስቱ ደወለች። "'ልጆቼ መብላት ጀመሩ በያት' ብሏል።"

"ራሱ ለምን አይነግረኝም?"

"እጁ አልዳነለትም እኮ... ስልክ መያዝ..."

እሺ አልኳት።

ግራ እጁ ደህና ነው።