ግራሩ ድረስ

ሰኞ፣ የካቲት 4። ንጋት፣ 11፡15

መርፌው ይፈላል። የአባባ አሥራ ሁለተኛው፣ ከስልሳው። ቤንዚን የለም ተብሎ ወደ አባባ የሚያደርሰኝ የቱላ መኪና ከቆመ አራት ቀን። ቅዳሜ በእግር ደርሼ ስመለስ ረፍዶ ነበር፤ የጤ/ጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። የሳንባ ነቀርሳ መርፌ ግን ቀን አይዘለልበትም። ይህን ለበሽተኛው ሁሉ የምሰብከው እኔው ነኝ።

ዘበኛችን ጋሽ ላንቃሞ ብስክሌቱን አውሶኛል። አዋሳ አድጎ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት ብስክሌት የማይችል ሰው አይተህ ታውቃለህ፣ አንተ ደብተር? ይኸው እኔ።

ምሳ ሰዓት

አራቴ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተልጧል። ጋሽ ላንቃሞ እስከ ቱላ ከኋላው አፈናጠጠኝ፤ ከአስፋልቱ ስንወጣ መሪውን ለእኔ ሰጥቶ ወንበሩን ይዞ ከኋላዬ ሮጠ። «ሲስተር፣ ጎማውን አትዪ! ሩቅ እዪ!»

መንገዱ ለጀማሪ ደግ ነው። ሜዳ። ከብት የደለደለው ሰፊ ዱካ፣ ዳገት የለው፣ ገደል የለው። ብትወድቅም አሸዋ ላይ ነው። ድንጋዩ እንኳ ነጭ፣ እንደ ቡሽ የቀለለ።

አባባ ግራሩ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ከቤቱ እስከ ግራሩ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እናቴን ትቶ ያገባት ሴትዮ ቤት ነው። እማዬ ልትሞት ስትል የዚያችን ሴትዮ ደጅ እንዳልረግጥ አስምላኛለች። ስለዚህ አባቴን ዛፍ ሥር እወጋለሁ። ሳቅብኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ብቻዬን ነዳሁ! ከቱላ እስከ ግራሩ፣ አንዴም ሳልወድቅ። ጅግራዎች ከፊቴ ተበትነው ሮጡ። አንዲት እንሹ፣ ትንሿ ሚዳቋ፣ ከኩይሳው ጀርባ ብቅ ብላ አየችኝና ጠፋች። ፀሐይዋ ቁልቋሉ ላይ ስትወጣ ጮክ ብዬ ዘፈንኩ፣ እኔ!

ደስታዬ ግራሩ ድረስ ነበር። አባባ ግንዱን ተደግፎ ነው የቆመው። ሱሪው ወገቡ ላይ አይቆምም። እዚያ አገር ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው፤ ላሟም ሞታለች። ሴትዮዋ ደጇ ላይ ቆማ ታያለች። አልቀረበችም። ሰላምም አላልኳት።

ዓርብ፣ የካቲት 8

የግራር እሾህ ጎማውን በሳው። መንገዱ ደግ ነው ያልኩትን ሰርዘው። እየገፋሁ፣ እያለቀስኩ ሄድኩ። ስደርስ ፀሐይ ከርራለች። አባባ ግራሩ ሥር የለም፤ መንገዱ ላይ ተቀምጧል። ሲጠብቀኝ ቆይቶ ወድቋል። መሐረቡ ላይ ደም። እዚያው አፈሩ ላይ ወጋሁት። ሴትዮዋ ብብቱን ይዛ ወሰደችው፤ እኔ ከግራሩ ሳላልፍ ቆሜ አየሁ። በእኔ ምክንያት ነው የወደቀው። በእኔ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

አባባ ግራሩ ሥር አልመጣም። ተጣራሁ። ሴትዮዋ ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ድምፅዋን የሰማሁት።

«መነሳት አልቻለም። አንቺ ግቢ፣ እኔ ጎረቤት እሄድልሻለሁ።»

ከገዛ ቤቷ ልትወጣልኝ! እኔስ? ብስክሌቱን አዙሬ ተመለስኩ። ሳልወጋው። አሥራ ሰባተኛው መርፌ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ነው። እንዴት እንደዚያ አደረግኩ? ጤና ረዳት ነኝ እላለሁ። እጄን ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

10፡00 ሰዓት

የምደባ ደብዳቤ ደረሰኝ። ድርቅ ወደጎዳው ወደ ሰሜን፣ ለመጠለያ ጣቢያ። ማክሰኞ ጉዞ። የታመመ አባት አለኝ አልኩ። ኃላፊው «የአገር ጥሪ ነው፣ ጓድ» አለኝና ቀና ብሎም አላየኝም። ጓደኞቼን ለመንኩ፤ ግማሾቹ አብረውኝ ይሄዳሉ፣ ግማሾቹ ቱላን አልፈው አይሄዱም። አርባ አራት መርፌ ይቀራል። አባቴ ይሞትብኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ፣ የካቲት 10። ንጋት፣ 11፡00

ጎማው ተለጥፏል። የቀበሌው ስብሰባ ይቅርብኝ፤ ከፈለጉ ይቅጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ መድኃኒቱ በሙሉ፣ ሁለት መርፌ፣ መቀቀያው፣ አልኮል፣ ጥጥ።

እገባለሁ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ካልሆነም አትበይኝ፣ እገባለሁ። አባባን እወጋዋለሁ። ከዚያ ሴትዮዋን፣ ወ/ሮ ብርቄን፣ አስቀምጬ አስተምራታለሁ፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈላ፣ ውሃው ከዱቄቱ ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል፣ የቱ ጋ እንደሚወጋ። ዛሬና ነገ ነው ያለኝ። እኛ ስንማር የተለማመድነው ብርቱካን ላይ ነበር። ትናንት ገበያውን ዞርኩት፣ አንድ ብርቱካን የለም።

ግድ የለም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በመርፌው ትሳብና መጀመሪያ እኔን ትውጋ። እጇ እስኪለምድ እዚያው እተኛላታለሁ።