አያጨስም የተባለለት ሰው

ወገዳ፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዋርሳዬ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የሐዋሳ ሙቀትስ፣ ትምህርቱስ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። በልጉ ቀርቶብናል፤ ከዚያ ሌላ የምጽፍልዎት ስለ ወንድምዎ ስለ በላይነህ ነው።

ካቻምና ራጅ በመኪና ጭነው መካነ ኢየሱስ ከተማ የመጡትን ፈረንጅ ሐኪሞች አይረሷቸውም፤ እርስዎ አስተርጓሚያቸው ነበሩና። የመንገዱን ሠራተኞች ሳንባ ሊያዩ ነበር የመጡት። ወላይታው በወላይትኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ አገዉም በአገውኛ የሚያናግረው ሰው ተፈልጎለት፣ የሚያጨሰው ሁሉ ለብቻው ተመከረ። ሱሱን የሚያስተው የሚታኘክ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ሳንባን አጥርቶ በሚያሳየው ማሽን እንዲታይ ባሕር ዳር ተላከ። የካምፑ ዘበኛ በላይነህም ለመተው ቆርጦ ነበር የሄደው፤ ብቻዬን አቅቶኛል፣ እርዱኝ ሊላቸው። የእናቱ ልጅ ያስተረጉምለታል ብዬ ከሁሉም የታደለው እሱ መስሎኝ ነበር።

ፈረንጁ ሲጠይቅ ወደ ወንድምዎ ዞር እንኳ አላሉም። ራስዎ መለሱ። ሲወጡ ምን አለኝ ቢልዎት፣ «ያጨሳል ወይ አለኝ፤ አያጨስም አልኩት። የቄስ ልጅ ያጨሳል ብዬ የአባታችንን ስም ላጉድፍ?» አሉት። ከወታደር ቤት ጀምሮ ሲያጨስ የኖረው ሰው ጤነኛ ነህ ተብሎ ተሰናበተ። ቤት ገብቶ እየሳቀ ነገረኝ፤ ገመናዬን ሸፈነልኝ ብሎም መረቀዎት። እኔ አልሳቅሁም።

ሮለር የሚነዳው ወላይታ፣ ጓደኛው ጌዲዮን፣ ባሕር ዳር ሄዶ ሳንባው ላይ ትንሽ ዕጢ ተገኘበት። በጊዜ ተቀዶ ወጣለት፤ ሲጋራውንም ተወ። አሁን ወፍሯል። ባለፈው መጥቶ ለልጆቹ ብስኩት ገዛላቸው። ደግ ሰው ነው፤ ባየሁት ቁጥር ግን እርስዎ ትዝ ይሉኛል፣ እጠላዎታለሁም።

በላይነህ ደም ማሳል የጀመረው ጥምቀት ሲያልፍ ነው። ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም ወሰድነው፤ ዘግይታችኋል አሉን። ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ምኞቱ ሁሉ አንድ ሆነ፣ ወንድሜን አሳዩኝ። እርስዎም አልቦዘኑም፣ በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። ስልኩን ይዤ ደጅ እወጣና ደህና ነው፣ ገበያ ሄዷል እልዎታለሁ። ስገባ ማነው ይለኛል። የተሳሳተ ቁጥር ነው እለው ነበር። በእሱ ፈንታ መልስ መስጠትን ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

የአባታችሁ ስም አልጎደፈም። ካህናቱ ፍትሐቱን በሙሉ ክብር አደረሱለት፤ ሕመሙንም ሰዉ ሁሉ የሳንባ ምች ነው ብሎታል። ወንድሙስ የት አለ ሲሉኝ፣ መርዶውን እኔው አደርስለታለሁ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ ብዬ ዘመዱን ሁሉ አስማልኩ።

አርባው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ፈተና ላይ ከሆኑ ለመምጣት አይቸገሩ። ልጆቹ ሰላም ብለውዎታል። ትምህርትዎን ያሳምርልዎት፤ እግዜር ያጥናዎት።

የወንድምዎ ሚስት የነበርኩት