ከኦቦ ቱፋ ስንዴ በላይ ያለው መንገድ

ማክሰኞ
ሊላተሙ ለትንሽ ተረፉ! የኔ ድሮንና የሀቢብ ድሮን። ሀቢብ የሲሬ ልጅ ነው፤ እንደኔ ስንዴ ላይ የዋግ መድኃኒት ይረጫል። እንደኔ ግን አይችልም። መድኃኒት ልንሞላ ስንመለስ መሃል ላይ ተገጣጠምን። አለቃችን ጫልቱ አበደች። "ከነገ ጀምሮ አንድ ድሮን ብቻ ነው የሚነሳው! ተራ በተራ!"

ተራ በተራ? ከረፋዱ በኋላ እኮ ንፋሱ አያስረጭም። የኦቦ ቱፋ ማሳ ደግሞ ዳገቱ ስር፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሽማግሌው ቅጠሉን አሸት አርገው ቢጫ የሆነ ጣታቸውን አሳዩኝ። ዋግ ገብቷል። "ልጄ፣ እኔ ጋ ስትደርሱ ገለባ ነው የምትረጩት።"
"ኦቦ፣ እኔ እያለሁ አያስቡ" አልኳቸው። አፌ እኮ!

ረቡዕ
አገኘሁት! አሰላ ባጃጅ ስነዳ ማንም ተራ በተራ አላለንም። መንገድ ስላለ እንተላለፋለን። ሰማዩ ላይ ግን ሁሉም በፈለገው ይሄዳል። ስለዚህ መንገድ መስራት ነው፣ ላይና ታች። ስንሄድም ስንመለስም እኔ ሃያ ሜትር፣ ሀቢብ ሰላሳ። ዝቅ የምንለው የየራሳችን ማሳ ላይ ስንደርስ ብቻ። ከስምንተኛ ያቋረጠ ጭንቅላት ነው ይሄን ያሰበው!
ጫልቱ፣ "ለጉራ ብቻ መስሎኝ ጭንቅላትህ" አለች። ነገ በባዶ ታንከር እንሞክራለን።

ሐሙስ
ጉድ ሆንኩ። እኔ ከላይ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋ አስነሳሁ፣ ሀቢብ ከታች ከመኪናው መንገድ። "ሃያ ነኝ!" እላለሁ። "ሰላሳ ነኝ!" ይላል። ድሮኖቹ ግን ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል!
"ማሎ! አቁሙ!" ጫልቱ ጮኸች። አየር ላይ ቆሙ፣ ተመስገን።
ሀቢብ "ሂድ ባጃጅህን ንዳ" ብሎ ሳቀብኝ። ምሳም አልበላሁም።
ኋላ ጫልቱ፣ "ቆይ፣ ከየት ከየት ነው የተነሳችሁት?" አለች። እኔም ልለው ነበር! ድሮን ከፍታውን የሚቆጥረው ከተነሳበት መሬት ነው። ይሄ ደግሞ አርሲ ነው፣ ዳገት። የኔ ሃያ የሱ ሰላሳ ሆኖ ቁጭ አለ።
ነገ ሁለታችንም ከላይ፣ ከአንድ ቦታ እንነሳለን። ከታች ከሆነ የኔ ሃያ ዳገቱ ላይ አስር ብቻ ይሆንና ዛፍ እንገጫለን። ድሮኖቹ ሲነሱና ሲያርፉ የኔ በግራ፣ የሀቢብ በቀኝ። ጫልቱ ግን፣ "እንደገና ከተፋጠጡ አበቃ፣ ተራ በተራ" ብላለች።

አርብ
ጭጋጉ እስኪነሳ ጠበቅን። አስነሳን። የሀቢብ ድሮን ከኔ በላይ ዝም ብሎ አለፈ። ደግሞ አለፈ። ሀቢብ ራሱ "አንተ ባለባጃጅ፣ ይሰራል እኮ!" አለኝ። ንፋሱ ሳይመጣ የላዮቹን ማሳዎች ጨርሰን የኦቦ ቱፋን ግማሽ ረጨን።
"ግማሹስ?" አሉኝ።
"ነገ፣ ኦቦ።"
"ይሄን የሚለው አፍህ ነው ወይስ ድሮንህ?" ብለው ሳቁ። ከማክሰኞ ወዲህ ሲስቁ ገና ማየቴ ነው።

አሁን ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና አለ። ሌሊት ከዘነበ ነገ መርጨት የለም። ባትሪዎቹን ግን ሁሉንም ሰክቻለሁ። ጫልቱ ቅድም መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ያለ ሥራ የቆመውን ሦስተኛ ድሮን አርባ ሜትር ላይ ብንጨምረውስ?" እኔን ጠየቀች፣ እኔን! "ቦታ አለ" አልኳት። ደመናው ብቻ እዛው ይቀመጥልኝ።